ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ፤ የአንድ ቀን የእግር መንገድ

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሄደ ሰው ይህን መንገድ አያውቀውም፤ ቁጭ ብሎ ይነሣል፣ ቁጭ ብሎ ይደርሳል። የሚያውቀው በእግሩ የወረደ ሰው ነው። አንድ ጎልማሳ በሰዓት አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ስለዚህ ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሣ ሰው እያረፈ ከሄደ ወረታ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ደብረ ታቦር ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ነው። ወረታ ግን በጣና ሐይቅ አጠገብ በፎገራ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ተጓዡ በአንድ ቀን 900 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጠዋት የተደረበው ጋቢ ከቀትር በኋላ ሸክም ይሆናል።

«ቁልቁለት ምን ያደክማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትን። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ ሰውነታችን እንዳይወድቅ በየእርምጃው ይይዘዋል። በማግሥቱ ጭን የሚያመው ለዚህ ነው። መላው አጭር እርምጃና ዱላ ነው። ሽማግሌዎቻችን ዱላ የሚይዙት ለውሻ ብቻ አይደለም እኮ!

በመንገዱ ላይ ዓለም ሳጋ የሚባል ደን አለ። ከፊሉ በተፈጥሮ የበቀለ፣ ከፊሉ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ወይራ፣ ግራር፣ አጋም፣ የፈረንጅ ጥድም አለበት። ፀሐይ ሲያቃጥለው የቆየ መንገደኛ እዚህ ሲገባ ፊቱ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማዋል። ጥላው ብቻ አይደለም፤ ቅጠሎቹ ከሥር የመጣውን ውሃ በተን ስለሚያወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል። መሬቱን በዱላችሁ ጫር አድርጉት። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን አለስልሶታል። ዝናቡ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በተራቆተው ተዳፋት ላይ ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ርብና ጉማራ በክረምት የሚደፈርሱት በዚህ አፈር ነው፤ ከጉና ተራራ በኩል ይዘውት ወርደው ጣና ያገቡታል። የገበሬው ማሳ ነው ሐይቅ የሚገባው።

እንዲህ ያለውን ደንና ሐይቅ ለማየት ብቻ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በስኮትላንድ አገር በሐይቅ ዳርና በጫካ የሚያልፍ 154 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ በ1973 ዓ.ም. ተከፍቷል። የሚሄዱበት መኪና አጥተው አይደለም። በእኛም አገር በሰሜን ወሎ የመቄት ገበሬዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. በገደል አፋፍ ላይ የሣር ጎጆ ሠርተው እንዲህ ያሉ እግረኞችን ማሳደር ጀመሩ። ጓዙን አህያ ይጭናል፤ ከገቢው ለመንደሩ ይደርሰዋል። ጦርነት ሲመጣ እንግዳ እንደሚቀር ግን ሁላችንም አይተናል።

እነዚያ እግረኞች ሁሉ ጫማ ያደርጋሉ። እኛም ብናደርግ ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ ይጠቅመናል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ የደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ብዙ ሰው ይህን በሽታ እርግማን ነው ይላል። አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲህ ያለ ሰው ከጎረቤት ማዕድ የተገለለው፣ ልጁም ለጋብቻ የተከለከለችው በከንቱ ነው። ማታ ማታ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ቀን ቀን ጫማ ማድረግ በሽታውን ይከላከላል። ማበጥ የጀመረ እግርም በዚሁ እንክብካቤ ይቀልለታል።

ወረታ አድሮ በማግሥቱ ወደ ወንዛዬ የሚሄድ መንገደኛም አለ። ወንዛዬ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኝ ፍል ውሃ ነው። ወደ ምድር ጥልቅ የሰረገ ውሃ በጋለ ዓለት ሞቆ ሲመለስ ፍል ውሃ ይሆናል። የደከመ ጭን በሙቅ ውሃ ይፍታታል። እግራችሁ ውሃ ቋጥሮ ከፈነዳ ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ብዙ ሰው ወደሚታጠብበት ገንዳ አትግቡ።