የኮሶዬ ገበሬ ገንዘብ ከየት ያገኛል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደገኛዋ ኮሶዬ በአንድ ትልቅ ሸቀጥ አትኖርም፤ ገቢዋ ከብዙ ትንንሽ ነገሮች ይለቃቀማል።

ዋናው ገብስ ነው። እሱም ቢሆን ብዙው ለእንጀራ፣ ለቆሎና ለጠላ ከቤት ይቀራል። የቢራ ገብስ ግን ሌላ ነው፤ ጎንደር ከተማ ብቅል ፋብሪካና የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ስላሉ ለገበያ ተብሎ ይዘራል። ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርትም ይሸጣሉ። በግ ደግሞ የገበሬው ባንክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለማዳበሪያ ወይም ለደብተር ብር ሲያስፈልግ አንዱ ገበያ ይወርዳል። ባህር ዛፍም እንዲሁ ተቆርጦ ይሸጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገቢ ከቆላ የሚመጣው ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ የመተማና የቋራ እርሻዎች በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ሰው ይፈልጋሉ። በዚያ ወቅት የደጋው ገብስ ገና ብዙው ስላልደረሰ ወጣቱ ወርዶ ያጭዳል። ደሞዙን ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ወባን ጨምሮ።

የኮሶዬን ገደልና ጭላዳ ዝንጀሮን ለማየት የሚመጣው ጎብኚም ገቢ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጦርነትና ግጭት መንገዱን ጭር አድርገውታል።