በጨለማ የሚፈለግ ብር፦ የሌሊት ብረታ ብረት ፍለጋና የታሪክ ማስረጃ በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ ገጠር፣ በተለይ መከር ከተሰበሰበ በኋላ፣ የእርሻ ማሳዎችን በዝግታ የሚያቋርጡ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። በእጃቸው ረጅም ዘንግ ይዘዋል፤ በዘንጉ ጫፍ ክብ ሰሐን የመሰለ አካል አለ፤ በጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አጥልቀዋል። መሣሪያው በተለምዶ ሜታል ዲቴክተር የሚባለው ብረታ ብረት ጠቋሚ ነው። ፍለጋው ለብዙ ሺህ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሲሆን፣ በባለመሬቱ ፈቃድ እስከተካሄደ ድረስ ሕጋዊ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መሣሪያና ይኸው ችሎታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሌላ ስም ያገኛሉ። ያለ ፈቃድ በሌሊት ወደ ሰው መሬት ገብተው የሚቆፍሩትን ሰዎች እንግሊዞች «የሌሊት ጭልፊቶች» ይሏቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ እነዚህ ሰዎች በትክክል የሚወስዱት ምንድን ነው? የተለመደው መልስ ወርቅና ብር የሚል ነው። ጸሐፊው ግን ትልቁ ጥፋት ከብሩ ይልቅ ብሩ በመሬት ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር የነበረው ግንኙነት እንደሆነ ያምናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሐኑ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። በአንደኛው በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ይህም ወደ አፈሩ የሚዘልቅ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በዕቃው ገጽ ላይ የሚሽከረከር ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ ያ ፍሰት ደግሞ የራሱን ትንሽ መስክ መልሶ ይልካል። ሁለተኛው ጥቅልል የሚያዳምጠው ይህን ምላሽ ነው። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክን በሚገባ ስለሚያስተላልፉ ምላሻቸው የሚዘገይበት መጠን ከተራ ብረት ምላሽ ይለያል። ሰውየው የዛገ ምስማርን ከብር ሳንቲም ሳይቆፍር ለመለየት የሚሞክረው በዚህ ልዩነት ነው። አብዛኛው ፈላጊ መሣሪያውን ተራ ብረት እንዳያሰማው አድርጎ ያስተካክለዋል። በመሆኑም ምስማሩ፣ ማጠፊያው፣ የሣጥኑ ማሠሪያ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ከታሪኩ ተሰርዟል ማለት ነው።

የመሣሪያው ጥንተ ታሪክ ከሀብት ፍለጋ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 በዚሁ መርሕ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ በጥይት በቆሰሉት በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ጥይቱን ፈልጎ ነበር፤ ሳይሳካለት ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ ያዘጋጀው የፈንጂ መፈለጊያ በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ አገልግሏል። መሐንዲሶቹ በፈንጂ በተሞላው በረሃ ለሠራዊቱ መተላለፊያ የጠረጉት በሌሊት ነበር። መሣሪያው በጨለማ ያከናወነው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ እንግዲህ የሰው ሕይወት ማዳን ነበር።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። ከትንሽ ዕቃ የሚመጣው ምላሽ ከጥልቀት ጋር እጅግ በፍጥነት ይዳከማል። መስኩ ወደ ታች ሲወርድም ሆነ ምላሹ ወደ ላይ ሲመለስ በየፊናው ከርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ስለሚቀንስ፣ ድምሩ ስድስተኛ ኃይል ይሆናል። በቀላል አነጋገር፣ ሳንቲሙ ያለበት ጥልቀት እጥፍ ሲሆን ምልክቱ 64 ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ አንድ ነጠላ ሳንቲም በአብዛኛው የሚሰማው ማረሻ በሚያገላብጠው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ይህ ለአርኪዮሎጂ መልካም ዕድል ነው፤ በማረሻ የተገላበጠ አፈር ውስጥ ያለ ዕቃ ከመጀመሪያ ቦታው ተነቅሏልና፣ ቢወጣ የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ብዙ ሳንቲም በአንድ ማሰሮ ሲከማች ግን ምላሹ ይበረታል፤ መሣሪያውም ማረሻ ካልደረሰበት ጥልቀት ይጠራል። እዚያ አፈሩ ገና እንደተቀበረበት ቀን ተደራርቦ ተቀምጧል። ጥንቃቄ ያለው ፈላጊ እጁን የሚሰበስበው በዚህ ወሰን ላይ ነው።

የሌሊቱ ቆፋሪ ለምን አይሰበስብም? የመጀመሪያው ምክንያት መቸኮሉ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙም የማይነገረው፣ ማየት አለመቻሉ ነው። አንድ ጉድጓድ ከሺህ ዓመት በፊት ተቆፍሮ እንደተሞላ የሚታወቀው በአፈሩ የቀለም ለውጥ ነው፦ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት፣ የከሰል ብናኝ፣ የበሰበሰ ከረጢት ወይም የእንጨት ሣጥን ጥላ። በባትሪ ጭላንጭል እነዚህ አይታዩም። የሸክላ ስብርባሪና አጥንትም በመሣሪያው ጆሮ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ጨለማው ቆፋሪውን ከፖሊስ ዓይን ይሰውረዋል፤ የቆፈረውን ነገር ትርጉም ደግሞ ከራሱ ከቆፋሪው ይሰውረዋል።

ዕቃዎች በአንድነት መገኘታቸው ምን ያህል እንደሚናገር ለማስረዳት ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በየመን፣ በኤደን አካባቢ፣ አል ማድሀሪባ በተባለ ስፍራ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከ300 ከሚበልጡ የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። የአክሱም ነገሥታት የብዙዎቹ ዘመነ መንግሥት በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ የሮም ነገሥታት ዘመን ግን በሚገባ ይታወቃል። አንደኛው ለሌላኛው የዘመን ምስክር ይሆነዋል። ያው ወርቅ ተከፋፍሎ በተለያዩ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ላይ ቢበተን ኖሮ ክብደቱ ባልቀነሰ፣ ምስክርነቱ ግን በጠፋ ነበር።

በሌሊት መፈለግ ሁሉ ዝርፊያ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በባሕር ዳርቻ የሚፈልጉ ሰዎች ሰዓታቸውን የሚወስንላቸው ማዕበሉ እንጂ ፀሐይ አይደለችም። ባሕሩ በ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይሸሻል፤ እጅግ ርቆ የሚሸሽባቸው ቀናት ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ ከሆነች በኋላ ያሉት ሲሆኑ፣ በአንድ ዳርቻ ላይ ይህ ሽሽት ዘወትር በተቀራራቢ ሰዓት ይውላል። ሰዓቱ ማለዳ ወይም ምሽት በሆነበት ዳርቻ፣ በክረምት፣ ሰፊው አሸዋ የሚገለጠው በጨለማ ነው። የዘውዱ ንብረት አስተዳደር በሚያዝበት የባሕር ዳርቻ ፍለጋው የተፈቀደ ነው፤ የሚገኘውም በአብዛኛው የዋናተኞች ቀለበትና የቅርብ ጊዜ ሳንቲም ነው። አሸዋው በየማዕበሉ ስለሚገላበጥ የሚፈርስ ጥንታዊ ድርድር በአብዛኛው የለም። ልዩነቱን የሚፈጥሩት እንግዲህ ፈቃድና የአፈሩ ጠባይ ናቸው፤ ሰዓቱ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም።

በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችና በፈላጊዎች መካከል የነበረው ግንኙነት ለረጅም ጊዜ የመረረ ነበር። በ1980 ባለሙያዎቹ ፍለጋውን በመቃወም ይፋ ዘመቻ ከፍተው ነበር፤ ዘመቻው ሕግ አክባሪውንና ሌባውን በአንድ ሚዛን ስላስቀመጠ ብዙ ቅሬታ ትቶ አልፏል። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ በሰሪ ግዛት ዋንበሮ በተባለች መንደር የሆነው ግን የሁለቱንም ወገን ዓይን ገለጠ። በእዚያ ከሮማውያን ዘመን የቆየ ቤተ መቅደስ ነበር። ቦታውን ያገኙት ፈላጊዎች ለባለሥልጣን አስታወቁ፤ ጉዳዩ በግልጽ ችሎት ሲታይ የስፍራው ስም ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ቆፋሪዎች ጎረፉበት። በሺዎች የሚቆጠሩ የወርቅና የብር ሳንቲሞች ወደ ገበያ ሄዱ። ሕጉም አላገዘም፤ የድሮው ደንብ ሀብቱ የዘውዱ የሚሆነው ቀባሪው መልሶ ሊያወጣው አስቦ የደበቀው ከሆነ ብቻ ነው ይል ነበር። ለአማልክት የተሰጠ ስእለት ደግሞ ተመልሶ ሊወሰድ አይቀበርም።

ከዋንበሮ በኋላ የተነሣው ክርክር ለ1996ቱ የቅርስ ሀብት ሕግ መንገድ ጠረገ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ300 ዓመት የሚበልጥና ቢያንስ ከመቶ ዐሥር እጅ ወርቅ ወይም ብር ያለበት ዕቃ፣ እንዲሁም በአንድነት የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ ጥንታውያን የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች፣ በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ሹም መገለጽ አለባቸው። ሙዚየም ሊገዛው ከፈለገ ዋጋው በገለልተኛ ኮሚቴ ተተምኖ ብዙውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይከፈላል። ከሕጉ ጎን በ1997 በፈቃደኝነት የሚሠራ የግኝት ምዝገባ ተቋቋመ፤ ዛሬ መዝገቡ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃዎችን ይዟል። የዋንበሮ ትምህርትም አልተረሳም፤ ትክክለኛው የግኝት ቦታ ለሕዝብ ሳይገለጽ ይቀራል።

የሌሊቱ ቁፋሮ በዚህ አልቆመም። በእንግሊዝ ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ተካሂዶ በ2009 የታተመ ጥናት ከ200 የሚበልጡ ስፍራዎች እንደተጠቁ መዝግቦ፣ አብዛኞቹ ገበሬዎች ለፖሊስ እንደማያመለክቱ፣ ፍርድ ቤት የደረሱትም በቀላል መቀጮ እንደሚለቀቁ ገልጿል። ይህ አያስገርምም። ገበሬው ጠዋት የሚያየው ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ ምን እንደወጣ ማንም አያውቅም። ያልታወቀ ንብረት ተሰርቋል ብሎ ማስረዳት ደግሞ ለማንኛውም ዐቃቤ ሕግ ከባድ ነው።

በ2015 የሆኑ ሁለት ግኝቶች ጉዳዩን በሙከራ ክፍል እንደተዘጋጀ ያህል ጎን ለጎን አቅርበውታል። ሁለቱም ክምችቶች የተቀበሩት በ878 ወይም 879 ገደማ፣ የቫይኪንግ ሠራዊት በእንግሊዝ ምድር ሲዋጋ ነው። በጥቅምት ወር በኦክስፎርድሺር፣ በዋትሊንግተን አቅራቢያ አንድ ፈላጊ የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች ባየ ጊዜ ለምዝገባው ባለሙያ አስታወቀ። ባለሙያዎች መጥተው ክምችቱን ከነአፈሩ አንድ ላይ አንሥተው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰዱት፤ አፈሩም በቤተ ሙከራ ተፈታ። 186 ሳንቲሞች፣ 15 የብር ጡቦችና 7 ጌጣጌጦች ወጡ። በ2017 የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በ1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ፣ በሄርፎርድሺር በሌምስተር ከተማ አጠገብ ሁለት ፈላጊዎች ምናልባት ከዚህም የሚበልጥ ክምችት አግኝተው ነበር። እነዚህ አላስታወቁም። የወርቅ ቀለበት፣ አምባርና ከሳንቲሞቹ እጅግ የሚቀድም የብርሌ ድንጋይ ማንጠልጠያ ዘግይተው ለሙዚየም ቢያሳዩም ሳንቲሞቹን ለነጋዴዎች በተኑ። ፖሊስ ከአንደኛው ስልክ የተሰረዙ ፎቶግራፎችን መልሶ ሲያወጣ ክምችቱ ገና እንደተገኘ የተነሣው ምስል ታየ፤ በዚያ መሠረት ሳንቲሞቹ 300 ያህል እንደነበሩ ተገመተ። የተገኙት 31 ናቸው። በ2019 የዉስተር ፍርድ ቤት በ10 ዓመትና በ8 ዓመት ከ6 ወር እስራት ቀጣቸው፤ ቅጣቱ በይግባኝ ቀንሷል። ይህን ጉዳይ እዚህ ያነሣነው ሰዓቱ ሌሊት ስለነበረ አይደለም። በቀን ብርሃን የተቆፈረም ከተደበቀ በታሪክ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሌሊቱ ቁፋሮ ከሚያደርሰው አይለይም፤ ልዩነቱ እዚህ የቀረ ፎቶግራፍ ስላለ የጉዳቱን መጠን መለካት መቻላችን ብቻ ነው።

ከሁለቱ ክምችቶች ብር ይልቅ ለታሪክ የሚከብደው በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ምስል ነው። የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድና የመርሲያ ንጉሥ ቼኦልዉልፍ 2ኛ ባስቀረጹት አንድ ዓይነት ሳንቲም ላይ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ከ2015 በፊት የዚህ ዓይነት ሳንቲም ሁለት ብቻ ይታወቅ ነበር። በአልፍሬድ ወገን የተጻፈው ዜና መዋዕል ቼኦልዉልፍን ቫይኪንጎች የሾሙት ሞኝ ሎሌ አድርጎ ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ይጠፋል። ከዋትሊንግተን የወጡት 13 ሳንቲሞች ግን ሁለቱ ነገሥታት በገንዘብ፣ ምናልባትም በጦር፣ የተባበሩ እኩዮች እንደነበሩ ያሳያሉ። አሸናፊው ወገን የአጋሩን ስም ከታሪክ ሲፍቅ ብሩ ሳይፋቅ ቀርቶ ነበር።

በሌምስተር የነበሩት 300 ሳንቲሞች ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል ይጨምሩ ነበር? የሁለቱ ነገሥታት ሳንቲም ስንት እጅ ነበር? ከየትኛው ከተማ የተቀረጹት ይበዙ ነበር? ባለቤቱ ከመርሲያ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነበር ወይስ ዘረፋውን የደበቀ ቫይኪንግ? እነዚህን የሚመልሰው የክምችቱ ድርሻና አቀማመጥ ነበር። በ2023 በደርሃም ፍርድ ቤት ከዚሁ ክምችት እንደወጡ የሚታመኑ 44 ሳንቲሞችን ሊሸጡ የሞከሩ ሁለት ሌሎች ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ሳንቲሞቹ ተይዘው ተመልሰዋል፤ በመካከላቸውም የሁለቱ ነገሥታት ምስል ያለባቸው አሉ። የቀሩት ከ200 በላይ ሳንቲሞች እስካሁን አልተገኙም።