መኪና ሲጮኽ፦ ከማንኪራ ጭቃ በኋላ የሚሰማን ድምፅ ስለ መመርመር

የስፖርት መኪና በውድድር ሜዳ ሲጋልብ ውሎ ማታ ሲመለስ፣ ጧት ያልነበረ ድምፅ ቢሰማበት የሚያስደንቅ አይደለም። ነጂው ቀኑን ሙሉ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጥና ወዲያው ፍሬን ሲይዝ፣ ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው ብረት ሁሉ ሲጎተትና ሲገፋ ውሏል፤ ዘይቱም ግሎ ቀጥኗል። ከመካከላችን የስፖርት መኪና ያለው ተማሪ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ይሁን እንጂ ከዚህ የማይተናነስ ፈተና የሚቀበል መኪና በአገራችን ሞልቷል፤ ይኸውም በክረምት ከቦንጋ ወደ ማንኪራ የሚመላለሰው ላንድክሩዘር ነው።

ማንኪራ በካፋ ውስጥ ከቦንጋ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ የአገሩ ሰዎች የቡና መገኛ ነው የሚሉት ደናማ ስፍራ ነው። ዝናቡ ደኑንና ቡናውን ያለማል፤ የአፈሩን መንገድ ግን ያላሽቀዋል። በዚህ ዐይነት መንገድ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እያጓራ ዳገቱን ይወጣል፤ አንዱ ጎማ በጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንገት ድንጋይ ያገኝና ይቆነጥጣል፤ በዚያች ቅጽበት የሚደርሰውን ምት የሚችለው የማርሹ ጥርስ ነው። ከዚያም የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ይነከራል።

መኪናውም ለሽርሽር የሚሄድ አይደለም። ቡና ያወርዳል፤ መድኃኒት ያደርሳል፤ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል ያመጣል። ስለዚህ ድምፁን በትክክል ማወቅ የገንዘብም የሕይወትም ጉዳይ ነው። «ጩኸቱ ከዲፈረንሻል ነው» ተብሎ ዲፈረንሻሉ ከተፈታ በኋላ ጥፋቱ የጎማ ኩሽኔታ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ፣ ባለ መኪናው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ዐመልም ያልነበረው ዲፈረንሻል በመፈታቱ ብቻ ዐመል ሊያወጣ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም «ድምፁ ምን ይመስላል?» ከማለት ይልቅ «ድምፁ መቼ ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ማለት ነው። ብረት ድምፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተላልፋልና ጆሮ ቦታውን በቀላሉ ይስታል። አንዱ ሰው «ያጓራል» የሚለውን ሌላው «ያፏጫል» ይለዋል። ድምፁ የሚጀምርበትና የሚያቆምበት ሁኔታ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ለዚህም አስቀድሞ የኃይሉን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ኃይል ከሞተሩ ተነሥቶ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከካምቢዮ ወጥቶ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ሣጥን ያልፋል፤ ከዚያ በረጅሙ ዘንግ ወደ ዲፈረንሻል ይደርሳል፤ በመጨረሻም በጎማ ዘንጎች በኩል ጎማዎቹን ያዞራል። ረጅሙ ዘንግ መኪናው ሲነጥር እንዳይሰበር በክሮቼራ ይታጠፋል። የዚህ መጋጠሚያ ስም በብዙ አገር ካርዳን የተባለው በ16ኛው መቶ ዓመት በኖረው ኢጣሊያዊ ሊቅ በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ነው። ዲፈረንሻልን ደግሞ ለተሽከርካሪ እንዲሆን አድርጎ በ1828 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር ነበር። ሥራው መኪናው ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ እንዲፈጥን መፍቀድ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሕጉ በቤተ ሙከራ የምናውቀው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ።

በመጀመሪያ መኪናው ይታጠብ። በቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ የጎማውን ሚዛን አዛብቶ መኪናውን ያንቀጠቅጣል። በፍሬኑ ዲስክና በላሜራው ከለላ መካከል የገባች ጠጠር ደግሞ ሰማይ የተደፋ የሚያስመስል ጩኸት ታሰማለች። የውድድር መኪናም ከሜዳው ጠጠርና የቀለጠ ጎማ ለቅሞ ሲመለስ ነጂውን የሚያስደነግጠው በዚሁ መንገድ ነው። በውኃ የሚድን በሽታ በመፍቻ አይታከምም።

ሁለተኛ፣ መኪናው ቆሞ ማርሹ ፎሌ እንደ ሆነ ሞተሩ ይነሣ። ድምፁ በዚህ ጊዜ ከተሰማ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ይረገጥ። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑን መልቀቂያ ኩሽኔታ መጠርጠር ነው። ቢረገጥም ባይረገጥም የማይለወጥና ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ብቻ የሚወጣና የሚወርድ እንደሆነ፣ ምርመራው ወደ ሞተሩ ይዙር።

ሦስተኛ፣ ድምፁ በጉዞ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ በአንድ ዐይነት ፍጥነት ማርሽ እየቀያየሩ ማድመጥ ነው። ማርሽ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጥፋቱ ከካምቢዮ ወዲህ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ነው። ማርሹ ፎሌ ሆኖ መኪናው በራሱ ሲንከባለል እንኳ ድምፁ ያው ከሆነ፣ ጥፋቱን ከካምቢዮ በኋላ መፈለግ ይገባል። ይህ ሙከራ ግን በቁልቁለት አይደረግም፤ ሞተሩም አይጠፋም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑና መሪው እርዳታ ያጣሉና።

አራተኛው ቆጠራ ነው። የዲፈረንሻሉ ትንሽ ማርሽ 10፣ ትልቁ ደግሞ 41 ጥርስ አለው እንበል። እንግዲያስ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ረጅሙ ዘንግ 4.1 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር ቢሆንና መኪናው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በደቂቃ 250 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ጎማው በደቂቃ 100 ጊዜ፣ ዘንጉ 410 ጊዜ ይዞራል። «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» የሚለውን በሰዓት እየተመለከታችሁ ስትቆጥሩት በደቂቃ ወደ 100 ከሆነ ጥፋቱ ከጎማው ጋር የሚዞር ነው፤ መቁጠር እስኪያዳግት ከተደጋገመ ግን ወደ ዘንጉ ተመልከቱ። እነሆ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያለ መፍቻ ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ አወጣልን።

አምስተኛ፣ ጭነቱን መለወጥ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የሚያፏጭ፣ ሲለቀቅ ዝም የሚል ወይም ቃናውን የሚለውጥ ድምፅ የዲፈረንሻል ጥርስ ጠባይ ነው፤ ጥርሱ ሲገፋ በአንድ ፊቱ፣ ሲገታ በሌላው ፊቱ ይሠራልና። መኪናው ሲነሣ ወይም ማርሽ ሲገባ አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ከሆነ ክሮቼራው ላልቶ እንደሆነ ይታይ፤ መኪናው ቆሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ታግደው ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዙት ላልቶ ከሆነ ይታያል።

ስድስተኛ፣ ማጠፍ ነው። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ያጋድላል። ጉርምርምታው በዚህ ጊዜ ከባሰና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከቀነሰ የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ይጠርጠር። አስፋልት ላይ ተሰምቶ ለስላሳ አፈር ላይ የሚጠፋ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የጎማው ጥርስ ድምፅ ነው። የፊት ጎማዎች ኃይል ሲቀበሉና መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ የፊተኛው ዘንግ መጋጠሚያ ተበልቷል።

ስለ አራቱ ጎማዎች አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ላንድክሩዘሮች፣ አራቱ ጎማዎች ኃይል እንዲቀበሉ ሲደረግ፣ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። በመታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልላል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ብረቱ ይወጠራል፣ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው እየተንጠረጠረ ያቃስታል። ስለዚህ ከማንኪራ ተመልሶ ቦንጋ አስፋልት ላይ ያቃሰተ መኪና ሊታመምም፣ ሹፌሩ ማርሹን መመለስ ረስቶም ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ዘይቱ ይመስክር። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይጨማደዳል፤ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ በዘይት መከላከያው ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ ድምፅ ሳይጀምር ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። በመድፊያው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ግራጫ ትቢያ ቢገኝ የተለመደ መበላት ነው፤ ፍርክስካሽ ብረት ከተገኘ ግን የተሰበረ ነገር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። አንዱ ጎማ መካከሉ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ፣ ወይም በክሪክ ተነሥቶ ሲወዘወዝ ከተንቀጠቀጠ፣ መኪናው «እስከ ከተማ ያድርሰን» ተብሎ አይነዳም። የተበላ ዲፈረንሻል ብዙውን ጊዜ እየጮኸ ቀናት ይሰጣል፤ ያለቀ የጎማ ኩሽኔታ ግን ጎማውን ከነሰዎቹ ገደል ሊጨምር ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መኪና በሽታውን አይደብቅም፤ የምንቸኩለው እኛ ነን። ወደ ጋራዥ ስትሄዱ «ዲፈረንሻሉን ፍታልኝ» አትበሉ፤ ይልቁንም «በ40 ይጀምራል፣ ነዳጅ ስለቅ ይጠፋል፣ ስታጠፍ አይለወጥም» ብላችሁ ለመካኒኩ ንገሩት። በእጁ ለብዙ ዘመን የሠራ ሰው ከዚህች አንድ ዐረፍተ ነገር የቀረውን ራሱ ያውቀዋል።