በሥዕል ቤት ውስጥ የተተከለ የወጣቶች ሸንጎ

በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በእንጨት ንግድ የከበረው ቲ. ቢ. ዎከር በ1879 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ያሰባሰበውን ሥዕል በገዛ ቤቱ ለሕዝብ ያሳይ ጀመር። ከዚያ የተነሣውና ዛሬ ዎከር የሥነ ጥበብ ማእከል የሚባለው ተቋም፣ በአጠገቡ ባለው አጸድ በተተከለው፣ ቀይ የቼሪ ፍሬ በጫፉ በተሸከመው ግዙፍ ማንኪያ ዝናው የወጣ ቢሆንም፣ እኔ ለአንባቢ ላስተዋውቅ የወደድሁት ማንኪያውን ሳይሆን በዚያ ቤት የሚሰየመውን የወጣቶች ሸንጎ ነው።

በቤተ መዘክር ዘንድ ለብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረው ሥርዓት፣ ተማሪ በመምህሩ እየተመራ ተሰልፎ እንዲገባ፣ ከሥዕሉም ይልቅ «አትንኩ» የሚለውን ትእዛዝ በልቡ አጥንቶ እንዲወጣ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ሸንጎ ይህን ልማድ ገለበጠው። ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመርጠው የሚገቡት ጥቂት ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ፣ ከሠዓልያን ጋር እየተወያዩ፣ ለእኩዮቻቸው የሚሆነውን ዐውደ ርእይና የሙዚቃ ምሽት ራሳቸው ያሰናዳሉ፤ የትኛው ሥራ ይሰቀል፣ የትኛው ዘፋኝ ይጠራ፣ በማስታወቂያው ላይ ምን ይጻፍ እየተባለ ክርክሩ ይጦፋል፤ በመካከላቸው የሚቀመጠው የቤቱ ሠራተኛም አፉን መቆጣጠር ግድ ይሆንበታል፤ ለአዋቂ ሰው ቀላል ተጋድሎ አይደለም።

ለዚህም ድካማቸው ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንኑ ነው። ያለ ክፍያ የሚሰጥ ልምምድ፣ ምንም በሩ ለሁሉ የተከፈተ ቢመስል፣ በተግባር የሚገባበት ወላጆቹ የደላቸው ልጅ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ በምግብ ቤት ሳሕን እያጠበ ቤተሰቡን የሚረዳው ወጣት ለሥነ ጥበብ ፍቅር ቢኖረው እንኳ ጊዜ የለውም። በኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክርም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠውን ልምምድ በክፍያ አድርጎታል።

በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ፣ ዎከር በ2003 ዓ.ም. ሥራቸውን ሊያሳይ በጋበዛቸው ጊዜ፣ ከሸንጎው ውጭ በሆነ ሌላ ሥራ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተማ የሚኖሩትን የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ልጆች ሰብስበው ካሜራና የድምፅ መቅጃ አስያዟቸው። ወጣቶቹም የየራሳቸውን ውሎ በፎቶግራፍና በድምፅ ቀድተው ሲያመጡ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ሁለቱን ከተሞች የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ብሎ የሚሰይም ሥራ ሆኖ በኢንተርኔት ቀረበ። ስደተኛ እየተባለ የሚጠራ ልጅ ሀገሩን ራሱ ለሌላው ሲያስጎበኝ ማለት ነው።

እንደ ሸንጎው ያሉትን የወጣቶች መርሐ ግብሮች ፍሬ ለመመርመር ዎከርን ጨምሮ አራት ቤተ መዘክሮች በኒው ዮርኩ ዊትኒ ቤተ መዘክር መሪነት ከቀድሞ አባሎቻቸው ጠይቀው በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ፍቅር ከዓመታት በኋላም እንዳልቀዘቀዘ ተገልጿል፤ ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚተጋው አስቀድሞ የወደደው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከሸንጎ ወንበር የሚደርሰው ከብዙ ጥቂቱ ሲሆን፣ ለቀረው ወጣት ዊትኒ ከታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ወዲህ ዕድሜው ከ25 ያላለፈ ሁሉ በነፃ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ለዚህም ወጪ ገንዘብ ከሰጡት አንዷ እኒሁ ጁሊ ምሕረቱ ናቸው።