ሁለት ሰው በአንድ ቦርሳ በሐምቡርግ ከተማ

የባሕር ማዶ ሀገር ለማየት የሚወጣ ሰው ሁሉ ባለጸጋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛና ጓደኛችን ግን በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019፣ ወደ ጀርመን ሀገር ወደ ሐምቡርግ ከተማ በሄድን ጊዜ በጀርባችን ካዘልነው ሻንጣና ለሁለታችን ከምትሆን ከአንዲት የገንዘብ ቦርሳ በቀር ሌላ አልነበረንም። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአራት ሌሊት የአልጋ ኪራይ አስቀድመን ስለ ከፈልን፣ በቦርሳይቱ ውስጥ የቀረው ለምግብና ለመጓጓዣ የሚሆን 160 ዩሮ ነበር። ቦርሳይቱን ጓደኛችን ይዞ፣ ሒሳቡን ደግሞ እኛ በደብተር እንድንጽፍ ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ተስማምተናል።

ያረፍንበት ቤት ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ አጠገብ የሚገኝ የወጣቶች ማደሪያ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው በተደራረበ አልጋ ይተኛል፤ ወጥ ቤቱም የሁሉም ነው። እንዲህ ያለውን ርካሽ ማደሪያ በ1909 ያሰበው ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። ተማሪዎቹን በእግር መንገድ ይዞ ሲጓዝ ብርቱ ዝናም ያዛቸውና በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ፤ በዚያች ሌሊት፣ በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን የሚቀሩት ትምህርት ቤቶች ለመንገደኛ ማደሪያ ቢሆኑ ምን ይጎዳል ሲል አሰበ ይባላል። እኛም የጓደኛችን እናት በሰጡን ስንቅ፣ በበሶና በዳቦ ቆሎ፣ ቁርሳችንን በዚያ ወጥ ቤት እንበላ ነበር። በሶውን በውኃና በስኳር በጥብጠን ስንጠጣ ያዩን አንድ የኮሪያ ወጣት መድኃኒት ነው ወይ ብሎ ጠየቀን።

ዓርብ ጧት መከራችን መጣ። በዚያ ጊዜ በከተማይቱ ከሚሸጡት የባቡር ትኬቶች አንደኛው፣ በሥራ ቀን ሠራተኛው ወደ ሥራው የሚሳፈርበት ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ይኸውም ከ9 ሰዓት ጀምሮ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ዋጋው ቀነስ ያለ ነበር። እኛም እርሱን ገዛን። የፈረንጅ 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት መሆኑን፣ አማርኛ በመማር ላይ የምትገኙ አንባቢዎቻችን በቀጠሮ ስታውቁት አልቀራችሁም። ጓደኛችንም ከ9 ላይ 6 ቀነሰና የእጅ ሰዓቱን ቢመለከት 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኖ አገኘው። ወደ አልስተር ሐይቅ የሚወስደን ባቡር ሲደርስ፣ ቶሎ በል ብለን ያጣደፍነው እኛ ነን።

ዳሩ ግን ያ ሰዓት ጓደኛችን ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ከአባቱ እጅ ከወጣ ጀምሮም ከአዲስ አበባ ሰዓት ፈቀቅ አድርጎት አያውቅም። ለእኛ ክረምት፣ ለጀርመኖች በጋ በሆነው ወራት የሐምቡርግ ሰዓት ከአዲስ አበባው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስድስቱን መቀነስ ያልረሳው ጓደኛችን ይህችን አንዲቱን ዘነጋት። ለከተማይቱ ሰዎች ገና 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር።

ሁለት ተቆጣጣሪዎች እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ለብሰው ቆመው ኖሮ፣ በሩ ሲዘጋ መታወቂያቸውን አውጥተው ትኬት ጠየቁ። ጓደኛችን ትኬቱን ሰጠ፤ ቀጥሎም ሰዓቱን አሳየ። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቱን አየችና በትሕትና የጣቢያውን ሰዓት በጣቷ አመለከተችው። ቅጣቱ በአንድ ሰው 60 ዩሮ ነው፤ ለሁለታችን 120 መሆኑ ነው።

ወረቀቱን ተቀብለን ከወረድን በኋላ፣ ከሀገራችን ከገባን ማን ፈልጎ ያገኘናል የሚል አሳብ በልባችን አልመጣም ብንል ውሸት ይሆናል። ጓደኛችን ግን፣ «ስሜን ከፓስፖርቴ ገልብጠውታል፤ ዕዳ ይዤ ቤቴ አልገባም» አለና በዚያው ዕለት ጧት ሄደን ከፈልን። የትኬቱ ዋጋና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መመለሻ የሚሆነው 7 ዩሮ ሲነሣ በቦርሳይቱ ውስጥ 21 ዩሮ ቀረ። ከዚያም እስከ ሰኞ ድረስ በዚሁ መኖር ነው።

ያ ትኬት ከ9 ሰዓት በኋላ ሕጋዊ ስለሆነ፣ በከተማው ትኬት ከሚያሳፍሩት መርከቦች በ62 ቁጥሩ ከወደቡ እስከ ፊንከንቬርደር ሄደን ተመለስን። ሐምቡርግ ከባሕር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ የጀርመን ትልቁ ወደብ ነች፤ የኤልበ ወንዝ እንደ ባሕር ሞላ ጎደል ይላል፤ የቤት ቁመት የሚያህሉ መርከቦች ባጠገባችን ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የምናየው ግን ሳንነጋገር ነው። ጓደኛችን ከመርከቧ ፊት፣ እኛ ከኋላ ተቀምጠናል።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው የኤልበ ዋሻ ገባን። ይህ በ1911 የተከፈተ፣ የወደብ ሠራተኞች ወንዙን በእግር እንዲሻገሩ በተጨመቀ አየር ኃይል ውኃው እየተገታ የተቆፈረ ዋሻ ነው። 426 ሜትር ይረዝማል፤ ከውኃው ገጽ 24 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ እግረኛ ምንም አይከፍልበትም። በግድግዳው ላይ ዓሣና ጎርምጥ የተቀረጸባቸው የሸክላ ምስሎች አሉ። ከመካከሉ ስንደርስ ጓደኛችን ቆመና፣ «ሒሳቡን ስትጽፍ 120 ዩሮውን በእኔ ስም ጻፈው፤ አዲስ አበባ ስንገባ እከፍልሃለሁ» አለን።

እኛ ግን ገና እርሱ ሳይናገር፣ መርከቡ ላይ ተቀምጠን ሳለን እንዲሁ ጽፈነው ነበር። ያን ጊዜ የተሰማንን እፍረት እዚህ ላይ ማስፈሩ ቀላል አይደለም። ትክክለኛውን ሰዓት የሚያሳየው የእጅ ስልክ ጧት በኪሳችን ነበር፤ አውጥተን ብናየው በበቃ። ደብተሩን አውጥተን ጓደኛችን እያየ ስሙን ሰረዝንና በቦታው «የሁለታችን» ብለን ጻፍን። የተሰረዘውን ስም አየ። ምንም አልተናገረም፤ ከዋሻው ወጥተን ከወንዙ ማዶ ከተማይቱን እየተመለከትን ስንቀመጥ ግን ከዳቦ ቆሎው ዘግኖ ሰጠን።

ቅዳሜን በእግራችን ዋልን። ኤልብፊልሃርሞኒ የሚባለው አዲሱ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ቀድሞ የካካዎና የሻይ መጋዘን በነበረው ሕንፃ ላይ የተሠራ ነው፤ በ37 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሰገነት ያን ጊዜ በነጻ ወጥተናል። ከከተማው ግምጃ ቤት 77 ሚሊዮን ዩሮ ይበቃዋል ተብሎ የነበረው ይህ አዳራሽ በ2017 በተከፈተ ጊዜ 789 ሚሊዮን ፈጅቶ ተገኘ። ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው፣ «እነርሱስ የማንን ሰዓት አይተው ነው?» ብሎ ከዓርብ ጧት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ በታች ሽፓይኸርሽታት የተባለው፣ በቀይ ጡብ የተሠራ የመጋዘን ሰፈር አለ። በ1883 ሥራው ሲጀመር 20,000 ያህል ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነሥተውበታል፤ በ2015 ደግሞ ከዓለም ቅርሶች ተቈጥሯል። ቡና ከሚቆላበት ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሽታው አቆመን። በውስጥም ይርጋ ጨፌ የሚል ጽሕፈት ያለበት ከረጢት አየን። አንድ ሲኒ 3 ዩሮ ነው። ብዙ ተማከርንና አንድ ሲኒ ለሁለታችን አዘዝን፤ ጓደኛችንም፣ «አቦሉን አንተ ጠጣ፤ ቶናው ለእኔ ይሁን» ብሎ ሲኒውን እኩሌታ ላይ ተቀበለን።

በጀርመን ሀገር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሱቅ ሲመለስ 25 ሣንቲም መያዣ ይመለስበታል። ማታ በወንዙ ዳር ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ አራት ጠርሙሶች አገኘንና ጓደኛችን ብድግ አደረጋቸው። እኛ የሚያየን ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር ስንል አንዲት አሮጊት ከረጢት ይዘው ቆመው አየን፤ የመጡትም ለዚያው ነበር። ጓደኛችን በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም በጀርመንኛ አመስግነው ወደሚቀጥለው አግዳሚ ወንበር አለፉ።

የእሑዱ የዓሣ ገበያ ከ1703 ጀምሮ የቆመ ነው። በበጋ በ5 ሰዓት ሌሊት ተከፍቶ በ9 ተኩል ያበቃል፤ ነጋዴዎቹም ሊዘጉ ሲሉ ፍራፍሬውን በቅርጫት እየጮኹ ያረክሱታል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ሄድን። ጓደኛችን ሰዓቱን አይቶ፣ «በእኔ 4 ከሩብ ነው፤ ለእነርሱ 9 ከሩብ» አለ። እኛም በዚህ ጊዜ ስልካችንን አውጥተን አየን፤ ልክ ነበር። በ5 ዩሮ አንድ ቅርጫት ሙዝና ብርቱካን ገዝተን እስከ ሰኞ እርሱን በላን፤ የተረፈውንም ለኮሪያው ወጣት ሰጠነው።

ማክሰኞ ጧት ቦሌ ስንወርድ ጓደኛችን መጀመሪያ ያደረገው ክንዱን ከስልካችን ጋር ማስተያየት ነበር። ሰዓቱ አንዲት ደቂቃ እንኳ አለመዛነፉን አሳየንና እጅጌውን መለሰ።