ጸጉራሟ እንዳሁላ በዶርም መስኮት

አገር ቤት እንዳሁላን የሚያውቅ ሰው ካላንቾ ቶሜንቶሳን ሲያይ ዝምድናቸውን ይጠረጥራል፤ እውነትም የአንድ ወገን ናቸው። ይህችኛዋ ግን የማዳጋስካር ልጅ ነች። ወፍራም ቅጠሏ ነጭ ጸጉር ለብሶ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ስላለው ፈረንጆቹ "ፓንዳ" ይሏታል።

ለተማሪ የምመርጣት ለዕረፍት ሁለት ሳምንት ጥላችኋት ብትሄዱ ስለማታኮርፍ ነው። ጸጉሩ ፀሐይን እየመለሰ የቅጠሉን ውሃ ይቆጥባል፤ የቅጠሏን ቀዳዳዎችም የምትከፍተው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚገድላት ጥም ሳይሆን የእኛ ደግነት ነው። አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አታጠጧት፤ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። ዕቃው ከታች የተበሳ፣ አፈሩም ሸካራ አሸዋ የበዛበት ይሁን።

ለማባዛት ጤነኛ ቅጠል ከግንዱ ላይ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዛችሁ ሙሉውን ንቀሉ። ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ከነካ ይበሰብሳል። ከዚያ አፈር ላይ አጋድሙት፤ ሥር ሲያወጣ በመጠኑ አርጥቡ። ቡቃያዋ ወራት ልትፈጅ ትችላለች። አሮጌው ቅጠል ሲጨማደድ አትንቀሉት፣ ልጁን እየመገበ ነው። ትዕግሥት ለሌለው የግንድ ቁራጭ ይፈጥናል፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ግን አትስጧት፤ ከበሏት ትመርዛቸዋለች፣ የልብ ምታቸውንም ልታዛባ ትችላለች። "ለእናቴ አንድ ቅጠል በሻንጣ ይዤ ልግባ" የምትሉም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ አስቡ።