ወፍራም ድምፅና ቀጭን ድምፅ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ መገናኛ ነው። ሽቦ ካልተዘረጋ መልእክቱን የሚያደርሰው ነፋስ መሆን አለበት እንደ ማለት ነው። ስያሜው ያማረ ቢሆንም በፊዚክስ ሲመረመር ግን አይጸናም፤ የሬዲዮ ሞገድ አየር በሌለበት ሕዋ እንኳ ያልፋልና። አየርን ወይም ሌላ ቁስ አካልን የግድ የሚሻው ድምፅ ነው። ስለሆነም በነፋስ የሚናገር መሣሪያ ይጠቀስ ከተባለ፣ ስሙ የሚገባው ለዋሽንት ነው።

ስለ ድምፅ የምንናገርባቸው ቃላትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። በአማርኛ ድምፅ «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» ይባላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ተማሪ ወፍራም ቧንቧ ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ቧንቧም ቀጭን ድምፅ የሚሰጥ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ርዝመትና የጫፎቹ ክፍት ወይም ዝግ መሆን ነው። አየሩ በረዘመ መጠን በሴኮንድ የሚነዝርበት ቁጥር ያንሳል፤ ድምፁም ይወፍራል።

ምክንያቱን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። በቧንቧ ጠርዝ ላይ ስትነፉ ትንፋሻችሁ ልዩ ልዩ ንዝረቶችን ይፈጥራል። በውስጥ ያለው አየር ግን ከርዝመቱ ጋር የሚስማሙትን ብቻ ተቀብሎ ያጐላቸዋል፤ የቀሩት ይጠፋሉ። ይህ አብሮ መንዘር በፊዚክስ ሬዞናንስ ይባላል። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ሲሆኑ አየሩ በጫፎቹ ላይ እንደልቡ ይወዛወዛል፤ መካከሉ ላይ ግን ይረጋል። በመሆኑም ቧንቧው የሞገዱን ግማሽ ይይዛል። አንደኛው ጫፍ ሲዘጋ ግን በዚያ በኩል ያለው አየር መንቀሳቀሻ ስለሌለው ቧንቧው የሚይዘው የሞገዱን ሩብ ብቻ ነው።

ይህንን ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ቤት በሚሠራበት ስፍራ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሳብበት የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አይጠፋም። 34 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈልጋችሁ አንዱን ጫፍ በመዳፋችሁ ምቱና መዳፋችሁን እዚያው አቆዩት። ቀጥሎም መትታችሁ ወዲያው አንሡት። የፊተኛው ድምፅ ወፍራም፣ የኋለኛው ቀጭን ይሆናል። ቱቦው ግን አልወፈረም፤ አልቀጠነምም። ድምፅ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ክፍቱ ቱቦ የ68 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ስለሚያስተናግድ በሴኮንድ 500 ጊዜ ገደማ ይነዝራል፤ የተዘጋው ግን ሞገዱ 136 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 250 ጊዜ ገደማ ይነዝራል። (አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሯ ስስ ስለሆነ ድምፅ የሚዘገይ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ፍጥነቱን የሚለውጠው ግን የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው።)

ዋሽንት ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ናቸው። አራቱ ቀዳዳዎች በጣት ሲደፈኑ አየሩ በሙሉ ርዝመቱ ይነዝራል፤ ከታች ያለው ቀዳዳ ሲከፈት ግን ቧንቧው እዚያ ላይ የተቆረጠ ያህል ይሆንና ድምፁ ይቀጥናል። የዋሽንት ተጫዋች ርዝመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶች የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ዋሽንት ለሁሉም ዜማ አይበቃውም። እምቢልታ ደግሞ የጣት ቀዳዳ የለውም። ነፊው የአየሩን ርዝመት በጣቱ ሊያሳጥር ስለማይችል ከአንድ እምቢልታ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው። በመሆኑም ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች በሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ይነፋሉ፤ ዜማው የሚሞላው በሦስቱ ትብብር ነው። ከሦስቱ አንዱ ርዝመቱ ቢዛነፍ የሁሉም ዜማ ይበላሻል።

ስለዚህ የሠሪው ሥራ ቀላል አይደለም። ሸምበቆ አንድ ጊዜ አጥሮ ከተቆረጠ መልሶ አይረዝም። ስሌቱን ብቻ ይዞ በማስመሪያ ለክቶ የሚቆርጥም ቢሆን ያሰበውን ድምፅ አያገኝም፤ በክፍት ጫፍ ላይ የሚነዝረው አየር ከቧንቧው አፍ ጥቂት ወጣ ስለሚል ነው። የሚወጣውም በእያንዳንዱ ክፍት ጫፍ የቧንቧውን ሬዲየስ 0.6 ያህል ነው። ስለዚህ ያ ባለ 34 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በሴኮንድ የሚነዝረው 500 ሳይሆን 483 ጊዜ ያህል ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ 467 ይወርዳል። ይህ ማለት ወፍራም ቧንቧ ድምፁን በጥቂቱም ቢሆን ያወፍረዋል ማለት ነውና፣ ቋንቋችን ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም። ብልኅ ሠሪም በመጀመሪያ አስረዝሞ ይቆርጥና እየነፋ፣ እየሰማ፣ ጫፉን በጥቂት በጥቂቱ ይሞርደዋል።